ተማሪዋ አንቺ ነሽ?

ደላላው በሩን በትከሻው ገፋው። በሩ ተንቋቋ እንጂ አልተከፈተም። እንደገና ገፋው፤ ተከፈተ።

«ግቢ እህቴ። እርጥበቱን ተይው፣ ትናንት ስለዘነበ ነው።»

«ትናንት አልዘነበም» አለች።

«እንግዲያው ከትናንት ወዲያ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ደፉ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ አየች። ክፍሉ መስኮት የለውም። ግድግዳው ከወለሉ እስከ ጉልበቷ ድረስ ጠቁሯል። አንድ የብረት አልጋ ከወዲያኛው ግድግዳ ተጠግቶ ቆሟል። አምፖሉ በባዶ ሽቦ ተንጠልጥሏል። ገባችና መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ወዲያው አነሳችውና በቀሚሷ ጠረገችው።

«ሌላ የለም?»

«ከጠዋት ጀምሮ አንዱን ጠበበ አልሽ፣ አንዱን ጫጫታ በዛበት አልሽ፣ ይሄን ደግሞ ረጠበ ልትዪ ነው። እህቴ፣ አንቺ ቤት ሳይሆን ባል ነው የምትመርጪው።»

«ባል ቢሆን ይሄን ያህል አልደክምም ነበር።»

ደላላው ሳቀ። ወፍራም ሰው ነው፤ ሲስቅ ሆዱ ቀድሞት ይስቃል። በሩን ሳይቆልፍ ወጣ።

«አትቆልፈውም?»

«ይሄ ቤት ቁልፍ የለውም። ሌባም ቢገባ አይቶት አዝኖ ነው የሚወጣው። ባለቤቱ ያ ባለሱቅ ነው። ሐሳብሽ ከተቀየረ በፈለግሽ ሰዓት መጥተሽ ማየት ትችያለሽ፤ ማንም ምን ፈለግሽ አይልሽም።»

ባለሱቁ ከሱቁ መስኮት ውስጥ ሆኖ እጁን አነሳ። እሷም ራሷን ነቀነቀችና ደላላውን ተከተለች።

ቤቱ ለእሷ አልነበረም። ለታናሽ እህቷ ነው። ታናሽየዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሕግ ትማራለች፤ ሦስተኛ ዓመት ናት። ዩኒቨርሲቲው የተማሪዎቹን መኝታ ክፍል ሊያድስ ስለሆነ፣ ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ያሉት ውጭ ተከራይተው ይኑሩ ብሏል። የመልቀቂያው ቀን ዛሬ ነው። ዛሬ ደግሞ ታናሽየዋ ፈተና አለባት። ስለዚህ ታላቅየዋ ከስፌት ቤት ፈቃድ ጠይቃ ቤት ፍለጋ ወጣች።

አባታቸው የኪራዩን ገንዘብ የላከው በታላቅየዋ እጅ ነው። ሲልክም ደውሎ እንዲህ አላት፦

«ለዓይኔ ደህና ቤት ፈልጊላት። መስኮት ያለው ይሁን። ታነባለች። በጨለማ ዓይኗ እንዳይጠፋ።»

አባትየው ሁለቱን ልጆቹን በስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም። ታናሽየዋ «ዓይኔ» ናት። ታላቅየዋ «ቀኝ እጄ» ናት። ሁለቱም የፍቅር ስሞች ናቸው። ግን ዓይን ይጠበቃል፤ እጅ ይታዘዛል። እናታቸው የታመመች ጊዜ ከትምህርት ቤት የቀረችው እጅ ናት። እናታቸው ከሞተች በኋላም ወደ ከተማ ወጥታ ሥራ የያዘችው እጅ ናት።

አሁን የምረቃ ጋውን በሚሰፋበት ቤት ውስጥ ኮሌታ ትዘመዝማለች። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር፣ ቀኑን ሙሉ፣ በአምፖል። አለቃው ማንም ሠራተኛ ጋውን ለብሶ እንዳይሞክር ከልክሏል። «ልኩን የሚያውቀው የተማረ ነው» ይላል እየሳቀ። ሴቶቹም ይስቃሉ። እሷም አብራ ትስቃለች። የምታድረው ከስፌት ቤቱ ጀርባ፣ ከሁለት የሥራ ጓደኞቿ ጋር ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም። እዚያ ስድስት ዓመት ሆናት። አባቷ በየጊዜው ሲደውል ስለ ጤናዋ፣ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ጨዋነቷ ይጠይቃል። ስለ መስኮት ጠይቋት አያውቅም።

ደላላው አንድ አረንጓዴ የብረት በር ፊት ቆመና ወደ እሷ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሚኝ። ይሄን ካልወደድሽ እኔ ሥራ እለቃለሁ። ግን ሴትዮዋ ጠንካራ ናቸው። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ለተማሪ ብቻ ነው የሚያከራዩት። ለእህቴ ነው፣ ተማሪ ናት፣ ብለሽ ቶሎ ተናገሪ። ሌላ አታብዢ።»

«ገባኝ።»

«ነገር ካበዛሽ መርፌ ይወጉሻል።»

«ቀኑን ሙሉ የምውለው ከመርፌ ጋር ነው» አለችው።

በሩን የከፈቱት ሴትዮ ረጅም ናቸው። ልብስ እያሰጡ ኖሮ እጃቸው እርጥብ ነው፤ መነጽራቸው በገመድ ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ደላላውን አላዩትም። እሷን ከእግር እስከ ራስ አዩአት።

«ተማሪዋ አንቺ ነሽ?»

መልሱን በመንገድ ላይ አዘጋጅታው ነበር። ለእህቴ ነው። ሁለት ቃል ነው። ግን ሴትዮዋ ሲጠይቁ ፊታቸው ላይ ጥርጣሬ አልነበረም። ፀሐይ ወጣ ወይ ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቁት። በዚህ ሁሉ ዓመት፣ በታክሲም፣ በሱቅም፣ በመንገድም፣ ማንም ይሄን ጠይቋት አያውቅም።

«አዎ» አለች።

ደላላው አንዴ አያት። ከዚያ የቤቱን ጣሪያ ማየት ጀመረ።

ክፍሉ ከግቢው ጥግ፣ ለብቻው ነው። አልጋ አለው፤ ጠረጴዛና ወንበር አለው። ሴትዮዋ ወደ ውስጥ ገብተው የመስኮቱን ሁለት መዝጊያዎች ወደ ውጭ ገፉ። ብርሃን ገባ። ጠረጴዛው ላይ ወደቀ፤ ወለሉ ላይ ወረደ፤ እግሯ ድረስ መጣ።

ሄዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ማንም ተቀመጪ አላላትም። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። የጣቶቿ ጫፍ በመርፌ የተነቃቀሰ መሆኑን በዚህ ዓይነት ብርሃን አይታው አታውቅም። መልሳ ጭኗ ላይ አደረገቻቸው።

«ምን ትማሪያለሽ?» አሉ ሴትዮዋ።

«ሕግ።»

«እሰይ! በጊዜው ነው ያገኘሁሽ። ይሄ ጎረቤቴ የጣሪያውን ውሃ ወደ ግቢዬ ነው የሚለቀው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ዋና ነው። ሕግ ምን ይላል?»

ታናሽየዋ ዕረፍት በመጣች ቁጥር የእህቷን ጨለማ ክፍል እየተንጎራደደች ጮክ ብላ ታጠናለች። ታላቅየዋ ኮሌታ እየያዘች ትሰማለች። አሁን ግን ከዚያ ሁሉ አንድም አልመጣላት አለ።

«መጀመሪያ ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው» አለች።

«ሕጉ ነው እንዲህ የሚለው?»

«ሕጉ ብዙ ይላል። ይሄ ግን ይቀድማል።»

ሴትዮዋ ሳቁ። «አንቺስ ጨርሰሻል» አሉ። ከዚያ ጠጋ ብለው ከትከሻዋ ላይ አንድ ጥቁር ክር አነሱና በመስኮቱ ወደ ውጭ ጣሉት። «በቤቴ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያድረው። እንግዳ በቀን ይመጣል፣ ሳይመሽ ይሄዳል። ሠራተኛ አላከራይም። ክፉ ሆኜ አይደለም። ሠራተኛ ከገባ አይወጣም፤ ተማሪ ግን ተመርቆ ይሄዳል። ልጄ ከሄደበት ሲመለስ ክፍሉን እፈልገዋለሁ። የተማሪ መታወቂያሽን ነገ ታሳዪኛለሽ።»

«እሺ፣ እማማ።»

«ፊትሽ ደስ ይላል። የተማሪ ፊት ነው።»

በአባቷ ገንዘብ የወሩን ኪራይ ከፈለች። ሴትዮዋ ሁለት ቁልፍ ሰጧት። «አንዱ ቢጠፋብሽ ሌሊት እንዳትቀሰቅሺኝ» አሉ።

ደላላው ድርሻውን ተቀብሎ ከበሩ ውጭ ጥቂት አብሯት ሄደ። ሲያስበው ቆይቶ ተናገረ።

«ለእህቴ ነው ብለሽኝ አልነበር?»

«ብዬሃለሁ።»

«እና?»

«እናማ ምን?»

«እኔማ ምን አገባኝ። እኔ በር ነው የማስከፍተው፤ ውስጥ ማን እንደሚተኛ አይመለከተኝም። ግን መታወቂያ ጠይቀውሻል።» ላቡን ጠረገ። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ እህቴ። እኔ ነግሬሻለሁ።»

ደላላው ሲርቅ ተመለሰች። በሩን በራሷ ቁልፍ ከፈተች። መስኮቱን ከፈተች፤ ተቀመጠች። ሴትዮዋ ግቢው ውስጥ አንሶላ እያሰጡ ነበር። ነፋሱ አንሶላውን ሲያነሳው የግቢው ዛፍ ይታያል፤ ሲያወርደው ይሰወራል። ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ምሳ ሰዓት አለፈ። አልተነሳችም።

ስልኳ ጮኸ። አባቷ ነው።

«ቀኝ እጄ፣ ዓይኔ ቤት አገኘች?»

«አገኘች፣ አባባ።»

«መስኮት አለው?»

«አለው።»

«ትልቅ ነው?»

«ትልቅ ነው።»

«ተመስገን። በይ እንግዲህ መጋረጃ ስፊላት። መንገደኛ እንዳያያት። ደህና ጨርቅ ይሁን፣ ቁርጥራጭ እንዳይሆን።»

«እሺ።»

«በርቺ።» ስልኩ ተዘጋ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። መጋረጃው አልነበረም ያቃጠላት። «መስኮት አለው?» ሲል የነበረው ድምፁ ነው። ያን ድምፅ ታውቀዋለች። ልጅ ሆነው ታናሽየዋ የትኩሳት ሌሊት ያለፈላት ጊዜ፣ በሩ ላይ ቆሞ «ተኛች?» ብሎ የጠየቀበት ድምፅ ነው። ለእሷ ሲናገር እንዲህ አይሆንም። ለእሷ ሲናገር ድምፁ ሥራ ላይ ነው።

አሰበች። የእህቷ መታወቂያ ላይ ያለው ፎቶ የመጀመሪያ ዓመት ፎቶ ነው፤ የደበዘዘ ነው። ሰው ሁሉ ትመሳሰላላችሁ ይላቸዋል። አንድ ቀን ብትዋሰው፣ ሴትዮዋ መነጽራቸውን ሳያደርጉ ብታሳያቸው። ለእህቷ ደግሞ ያ እርጥቡ ክፍል አለ። አምፖል አለው። አልጋ አለው። እሷ ስድስት ዓመት ከእሱ ባልተሻለ ኖራለች፤ አልሞተችም። የዚያን ኪራይ ከደሞዟ ትከፍላለች፤ የአባቷንም ገንዘብ ቀስ ብላ ትተካለች። ነገሩ ሁሉ እንደ ኮሌታ ገጠመላት። ስፌቱ ግን ከውስጥ በኩል ይታያት ነበር።

መስኮቱን ዘጋች። ቁልፎቹን ሁለቱንም ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከመርፌ ቆርቆሮዋ አጠገብ ከተተቻቸውና ወጣች።

የዩኒቨርሲቲው በር ፊት ተማሪዎች ዕቃቸውን ከበው ቆመዋል። ፍራሽ፣ ሻንጣ፣ ባልዲ፣ የመጽሐፍ ካርቶን። አንዱ ትራሱን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ይቀልዳል። ታናሽየዋ በጓደኞቿ መሐል ሆና ስትስቅ ከሩቅ አየቻት። ፈተናው እንደቀለላት ከአቋቋሟ ታወቀ። ታናሽየዋም አየቻትና ሮጣ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«እትዬ! ኑ፣ ኑ፣ ይቺ ናት እትዬ! የነገርኳችሁ። ጋውን የምትሰፋው!»

ልጃገረዶቹ ከበቧት። ጥሩ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም ጉንጯን ሳሟት።

«ውይ፣ የእኛን አንቺ ነሽ የምትሰፊልን!»

«የእኔን ወገቡን ጠበብ አድርጊልኝ፣ እትዬ። ጆንያ የለበስኩ እንዳልመስል።»

«አንቺ መጀመሪያ ተመረቂ!»

ሳቁ። እሷም ሳቀች። ስፌት ቤት እንደምትስቀው ነው የሳቀችው።

ታናሽየዋ ሻንጣዋን ያዘች፤ ታላቅየዋ የመጻሕፍቱን ጆንያ ተሸከመች። ከባድ ነው። መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ሲደርሱ አንድ አፍታ ቆመች። በስተቀኝ አረንጓዴው በር ነው። በስተግራ ባለሱቁ።

«ደከመሽ እትዬ? ልቀበልሽ?»

«አልደከመኝም» አለችና ወደ ግራ ታጠፈች።

ታናሽየዋ መንገዱን ሙሉ ስታወራ ነበር። ስለ ፈተናው፣ ፈተናውን ስለተቆጣጠረው ኮስታራ መምህር፣ ጓደኛዋ የጻፈችውን መልስ በእንባ ስለማራሷ። «አባባ ደወለልኝ» አለች በመሐል። «መስኮት አለው አለኝ። ትልቅ ነው አለኝ። ሳልተኛ ነው የማድረው ዛሬ፣ እሱን ሳይ!»

ታላቅየዋ ጆንያውን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላ አዛወረችው።

ባለሱቁ ሲያልፉ እጁን አነሳ። በሩን በትከሻዋ ገፋችው፤ ደላላው እንዳደረገው። ተከፈተ።

«ግቢ።»

ታናሽየዋ ገባች። ሻንጣዋን አላስቀመጠችም። ዙሪያውን አየች፤ ከዚያ መስኮቱ የተሸሸገ ይመስል ከበሩ ጀርባ አየች።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«አባባ መስኮት አለው ብሎኝ ነበር እኮ።»

«አባባ አላየውም።»

ታናሽየዋ ግድግዳውን በጣቷ ነካችና እጇን ሰበሰበች። «እትዬ፣ እዚህ ሰው ይኖራል?»

«እኔ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ።»

«እዚህ?»

«እንደዚህ ያለ ቤት። መጥተሽ አድረሽበት የለም እንዴ?»

«እሱማ አዎ» አለች ታናሽየዋ። ክፋት አልነበራትም፤ ያሰበችውን ነው የተናገረችው። «ግን አንቺማ ለምደሽዋል።»

ታላቅየዋ ጆንያውን አልጋው ላይ ጣለችው። ብረቱ ጮኸ።

«አንቺም ትለምጂዋለሽ» አለች።

ወጣች። በሩን ገርበብ አደረገችው። እግሯ ቀለለ። አሁን ወደ አረንጓዴው በር ሄዳ መስኮቱን ትከፍታለች፤ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ለምደሽዋል። እንዲህ ነው ለካ የሚያስቡት። ጠያቂ ያጣ ሰው ሁሉ ለምዶ ነው የሚመስላቸው።

የባለሱቁን መደብር አልፋ ጥቂት እንደተራመደች ከኋላዋ ብረት ሲጎተት ሰማች። ክርር አለ። ቆመ። እንደገና ክርር አለ።

ዞረች። ገርበብ ባለው በር ውስጥ እህቷ ጎንበስ ብላ፣ ሁለት እጇን አልጋው ራስጌ ላይ አድርጋ፣ ወደ ኋላ እየተራመደች ስትጎትት አየቻት። አልጋውን ወደ በሩ እያመጣችው ነው።

ታላቅየዋ መንገዱ መሐል ቆመች። ከተማ በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት እሷም አልጋዋን ጎትታ በሩ ሥር አድርጋ ነበር፤ በሩ ሲከፈት የግቢው ብርሃን ፊቷ ላይ እንዲወድቅ። አብረዋት የሚያድሩት ሲገቡና ሲወጡ እየተሰናከሉባት «ዘበኛዋ» ይሏት ጀመር። «ዘበኛዋ፣ መታወቂያ እናሳይ?» ይሉ ነበር። ስሙ ሲሰለቻት አልጋውን መልሳ ወደ ጥጉ ገፋችው። ያን ጊዜ ለማንም አልተናገረችም። ማን ነበርና።

ተመልሳ በሩን ከፈተችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ታናሽየዋ ቀና አለች። ላብ አጥምቋታል። «በሩን ከፍቼ ባነብ ብርሃኑ እዚህ ጋ ይደርሳል» አለች። አላለቀሰችም። ልቅሶው ግን ቀርቦ ነበር። «እስከ ማታ ይበቃኛል። ማታ ደግሞ አምፖል አለ። ለአባባ አትንገሪው በቃ፣ መስኮት አለው ብለን እንተወው።»

ታላቅየዋ አልጋውን አየች። ከዚያ እህቷን አየች።

«አንሺ» አለች።

«ምኑን?»

«ሻንጣሽን። ቤቱ ይሄ አይደለም።»

«እ? ታዲያ ለምን እዚህ አመጣሽኝ?»

«እንድታይው ነው።»

አልጋውን ሁለቱ ተጋግዘው ወደ ቦታው መለሱት። ጆንያውን አሁን ታናሽየዋ ተሸከመች፤ ታላቅየዋም ስጪኝ አላለቻትም።

አረንጓዴውን በር ሲገቡ ሴትዮዋ የደረቀውን አንሶላ እያጠፉ ነበር።

«እንግዳ ይዘሽ መጣሽ?» አሉ። «ቀን ነው፣ ምንም አይደለም። ግቡ።»

«እንግዳዋ እኔ ነኝ፣ እማማ» አለች ታላቅየዋ። «ተማሪዋ እሷ ናት። ታናሽ እህቴ ናት።»

ሴትዮዋ አንሶላውን ክንዳቸው ላይ አደረጉ። መነጽራቸውን አንስተው ዓይናቸው ላይ አኖሩ። መጀመሪያ ታናሽየዋን አዩ፤ ቀጥሎ ታላቅየዋን።

«ጠዋት ተማሪዋ አንቺ ነሽ ስልሽ፣ አዎ አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«ለምን?»

 

«ስለጠየቁኝ» አለች ታላቅየዋ።

ታናሽየዋ ፈጥና ዞራ አየቻት። ሴትዮዋ አንሶላውን አንዴ አጠፉት፤ ደግመው አጠፉት።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«ክሩን አይቼው ነበር» አሉ ሴትዮዋ፤ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል። ከዚያ እጃቸውን ለታናሽየዋ ዘረጉ። «መታወቂያሽን አምጪ።»

ፎቶውን አዩ፤ ፊቷን አዩ። የጎረቤቱን ውሃ ነገር ለእሷም አነሱባት። ታናሽየዋ ስለ ይዞታና ስለ አቤቱታ ማስረዳት ጀመረች። ሴትዮዋ ግማሹን ሳይሰሙ መታወቂያውን መለሱላት።

«እኔ ክፍሉን የሰጠሁት ለዚያችኛዋ ነው» አሉ። «የተመቸችኝ እሷ ናት።» ተነፈሱ። «ይሁን። ከከፈላችሁ ከፍላችኋል። አንቺ ግቢ። ውሸት ግን በቤቴ አልወድም።»

«እኔም አልወድም» አለች ታላቅየዋ።

«ጠዋትማ ወደሽ ነበር» አሉ ሴትዮዋ። ቁጣ አልነበረውም። አንሶላቸውን ይዘው ገቡ።

ታናሽየዋ ከንፈሯን ነክሳ ቀረች። ጆሮዋ ቀልቷል። ሰው ፊት ለፊት ከእህቷ በኋላ ሲያስቀምጣት የመጀመሪያዋ ነበር። ታላቅየዋ ይሄን አየች። ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም አፈረች፤ ሁለቱንም ዋጠቻቸው።

ክፍሉን ከፈተችላት። መስኮቱን ግን አልከፈተችም። ታናሽየዋ ራሷ ሄዳ ገፋችው። የአመሻሽ ብርሃን ገባ፤ ከጠዋቱ የበለጠ ቢጫ ነው። ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

«እትዬ! ይሄን አየሽው?»

«አይቼዋለሁ።»

ታናሽየዋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። ለስላሳ ናቸው፤ አንዱ ጣቷ ላይ የቀለም ነጠብጣብ አለ። ታላቅየዋ ጆንያውን ፈትታ መጻሕፍቱን ግድግዳው ሥር ደረደረች። ቅናቱ ይወጣል ብላ ጠብቃ ነበር። አልወጣም። ጨርቅ ውስጥ እንደተረሳ መርፌ፣ እዚያው ነበር።

«መጋረጃ ትሰፊልኛለሽ አይደል? አባባ ነግሬያታለሁ ብሎኛል።»

«አልሰፋም።»

«እንዴ!»

«ይሄ መስኮት መጋረጃ አይደረግበትም። መንገደኛ የለበትም፤ ያለው አንሶላና ዛፍ ነው።»

«እሺ፣ አትቆጪ» አለች ታናሽየዋ። «እትዬ፣ ጠዋት አዎ ስትዪ… ምን አስበሽ ነበር?»

ታላቅየዋ ቦርሳዋን ከፈተች። አንዱን ቁልፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ብርሃኑ ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ ያንቺ ነው። እሑድ እሑድ ከጠዋት ጀምሮ ቤተ መጻሕፍት ትውያለሽ።»

«ለምን?»

«እሑድ ክፍሉ የኔ ነው።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«ልቀመጥበት።»

ታናሽየዋ ሳቀች። የእህቷን ፊት አየችና ሳቋን አቆመች።

«ፈተና የደረሰ ጊዜስ? እሑድ እዚህ ማጥናት ብፈልግስ?»

«ቤተ መጻሕፍቱን ትለምጂዋለሽ» አለች ታላቅየዋ።

ታናሽየዋ ከወንበሩ ተነሳችና ለእህቷ ለቀቀችላት። ታላቅየዋ አልተቀመጠችም፤ ዛሬ እሑድ አልነበረም። የመርፌ ቆርቆሮዋን ከፈተች። ሁለተኛውን ቁልፍ ከመርፌዎቹ ጋር አስገባች፤ ክዳኑን ተጫነችው፤ ሳይመሽ ወጣች።